በራሱ የሚከፈተው ገጽ

ኅዳር 3

ወንድም ጋሼ፣

እንደ ወጉ «እኔ ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። አንተስ እንዴት ነህ? ያ ከመሬት በታች ያለው የኃይል ማመንጫችሁ አሁንም ሲያንቀጠቅጥህ ይውላል ወይስ ለመድከው? ጉልበትህስ? ደረጃው እንደሚያስቸግርህ ሁሌም አስባለሁ፤ ጠይቄህ ግን አላውቅም፤ ይቅር በለኝ።

ስልክ አለማንሳቴ አስቆጥቶሃል። እውነትህን ነው። ስትደውል አያለሁ። ስምህ ሲበራ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ እስኪጠፋ እጠብቃለሁ። ሰው አስቀይሞሽ ነው ወይ ብለህ መልእክት ልከሃል፤ ማንም አላስቀየመኝም። አንተንም አልተቀየምኩም። ድምፄ ነው፤ ድምፄን እንድትሰማው አልፈልግም።

ከክረምት ጀምሮ ሻከር ብሎ ነበር። መጀመሪያ ጉንፋን ነው አልን። አንድ ቀን መናኸሪያው ጢም ብሎ ሞልቶ እኔ ማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጬ «ወደ ወደቡ የሚሄደው አውቶቡስ በሁለተኛው በር» ስል፣ «ሁለተኛው» ላይ ድምፄ ተሰበረና አየር ብቻ ወጣ። ሕዝቡ ሁሉ ቀና ብሎ ድምፅ ማጉያውን ሲያይ በመስታወቱ አየሁት። አሁን የሚያሰሙት ባለፈው ዓመት የተቀዳውን ነው። የራሴን ድምፅ፣ ወንድም ጋሼ! ቀኑን ሙሉ ከላዬ «ተሳፋሪዎች ሆይ» ይላል፤ ጥርት ብሎ። እኔን ደግሞ የጠፉ ዕቃዎች ክፍል አስገብተውኛል። ጃንጥላ፣ የአንድ እግር ጫማ፣ የሰው መነጽር እጠብቃለሁ። በልጅነቴ «ጡሩምባ» ያልከኝ እህትህ ለባለ ጃንጥላው «ይኼ ነው?» የምለው በእጄ እየጠቆምኩ ነው።

አንገቴ ውስጥ እብጠት አለ። ከውጪ ሲያዩዋት ትንሽ ናት፤ ወደ ውስጥ ግን እየገፋች ነው አለኝ ሐኪሙ። ቆርጦ ካላወጣት መተንፈሻዬን ትዘጋዋለች። ሲቆርጣት ደግሞ ድምፅ የሚያወጣው ነርቭ፣ ክር የምታህል ነገር፣ እዚያው አጠገቧ ስለምታልፍ ልትነካ ትችላለች። «ዋስትና አልሰጥሽም» አለኝ። ደግ ሰው ነው፤ ምናለ ትንሽ ቢዋሸኝ?

ቀጠሮ ሰጥቶኝ ነበር፤ አልሄድኩም። ለምን አትበለኝ። እሺ፣ ልንገርህ፤ ካንተ ሌላ ማን አለኝ። እማዬ እንደምታደርገው መጽሐፍ ቅዱሷን ከፈትኩ። ታውቀዋለህ፤ ቤት ስንቀይርም፣ አንተ ሥራ ስትገባም፣ ዓይኗን ጨፍና ከፍታ ጣቷን ሳታሳርፍ ከቤታችን አንድ ነገር አይደረግም ነበር። እኔም ጠረጴዛው ላይ በጀርባው አቁሜ ለቀቅኩትና ጣቴን አሳረፍኩ። አነበብኩት። ዘጋሁት። ፊቴን ታጥቤ መጥቼ ደገምኩ፤ እዚያው ገጽ። በማግስቱም እዚያው። ምን እንደሚል አትጠይቀኝ፤ በእጄ መጻፍ አልችልም። መልስ ግን መልስ ነው። አልሄድም።

ደብዳቤውን በእናንተ በኩል ለሚያልፈው አውቶቡስ ሹፌር ሰጥቼዋለሁ። መልስህን በእሱ ላክልኝ። አትደውል፣ እባክህ።

እህትህ


ኅዳር 9

ጡሩምባዬ፣

ሹፌሩ በር ላይ ቆሞ «መልስ ትጠብቃለች» አለኝ። ወረቀት ፈልጌ ተቀመጥኩ።

ስለ ቁጣዬ ይቅር በይኝ። አንድ ሰው አስቀይሞሽ መስሎኝ ነበር፤ ምነው እሱ በሆነ! እማዬ ከቀዶ ጥገና ክፍል ሳትወጣ ከቀረችበት ቀን ጀምሮ ሆስፒታል የሚል ቃል በሰማሁ ቁጥር ተነስቼ እወጣለሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚሉት ለካ ለእኔ ኖሯል። የቀረሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ፤ ይኼን ደግሞ ሳትነግሪኝ ክረምቱን ከረምሽ።

ስለ ሥራዬ ጠይቀሻል፤ ለምጄዋለሁ። ጉልበቴ እንዳለ ነው፤ ደረጃው ያሸንፈዋል፣ እሱም ደረጃውን ያሸንፋል። ግን ስለዚህ ቦታ አንድ ነገር ልንገርሽ። ወለሉ ላይ ከመግቢያው እስከ ዳር መለኪያዎች ተደርድረዋል፤ የግፊት፣ የሙቀት፣ የዘይት። ፈረቃ ስንረከብ ሁሉንም በተራ እናያለን፤ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ጀምረን። አንዱ መርፌ ቀዩን ቢነካ እንኳ ተራው እስኪደርስ ሮጠን አንሄድበትም። አንድ አዲስ ልጅ እግር መጣልን። አንዷን መርፌ ቀይ ላይ አያትና ደንግጦ ማሽኑን ሁሉ አጠፋው። ከተማችሁ ጨለመች፤ ትዝ ይልሽ ይሆናል። ለካ የተበላሸችው መለኪያዋ ራሷ ናት፤ ከጎኗ ያለችውን ቢያይ ያውቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስሙ «ጨለማው» ሆኖ ቀረ።

አንቺም ጨለማውን ሆነሻል። አንዷን መርፌ አይተሽ ሁሉን ነገር አጠፋሽ።

ስለዚህ የማዝሽን ስሚ፤ ታላቅሽ ነኝ፣ ማዘዝ ይገባኛል። ከሉቃስ ምዕራፍ አንድ፣ ቁጥር አንድ ጀምሪ። ጠዋት፣ ሥራ ሳትሄጂ። አንድ ወንበር ምረጪ፤ ያ ወንበር ለሌላ ነገር አይሁን፣ ልብስም አይጣልበት። ብዙ አታንብቢ፤ አንድ ታሪክ እስኪያልቅ ብቻ። ከዚያ ጠይቂ፤ የሚናገረው ማን ነው? ለማን ነው የሚናገረው? ቀጥሎ ምን ሆነ? መልሱን በአጭር በአጭሩ ጻፊውና በማግስቱ ካቆምሽበት ቀጥይ። አትዝለይ። በዘፈቀደ አትክፈቺ። ጣትሽን ኪስሽ ክተቺያት። እኔም በዚያው ሰዓት ያንኑ ክፍል አነባለሁ፤ ወደ ታች ከመውረዴ በፊት መቀመጫዋን አግኝቻለሁ፣ የተገለበጠች የቀለም ባልዲ ናት።

ለምን ሉቃስ ትይኝ ይሆናል። ሐኪም ነበር ይላሉ። ሐኪም ስለፈራሽ በሐኪም እንጀምር።

ያ ገጽ ምን እንዳለሽ ግን ንገሪኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ሐኪሙንም ሌላ ቀን እንዳለው ጠይቂው፤ መጠየቅ መሄድ አይደለም።

ወንድምሽ


ኅዳር 14

ወንድም ጋሼ፣

ዛሬ እንዴት ነህ አልልህም። ሆን ብለህ ነው? ንገረኝ፣ ሆን ብለህ ነው?

ወንበር መረጥኩ። መስኮቱ ሥር ያለውን፣ አንድ እግሩ የሚንገዳገደውን፤ ካርቶን አጥፌ ወተፍኩለት። ሻይ እንኳ ሳልቀምስ ተቀመጥኩ። አጀማመሩ ጥሩ ነበር። ሁሉን ከመጀመሪያው መርምሬ በተራ ልጽፍልህ ወሰንኩ ይላል። ይኼ ሰው ወንድሜን ይመስላል አልኩ። ከዚያ ሽማግሌው ካህን ገባ፤ መልአክም መጣ። ከዚያስ? ዲዳ ሆነ! ዲዳ! ሥራው በሕዝብ ፊት መናገር የሆነ ሰው! ሕዝቡ ውጪ ቆሞ እየጠበቀው ብቅ ቢል መናገር አቃተው፤ በእጁ ጠቀሰ። በእጁ፣ ወንድም ጋሼ! እኔ ጃንጥላውን እንደምጠቁመው!

መጽሐፉን ዘግቼ መደርደሪያው አናት ላይ፣ ከድስቶቹ ኋላ ሰቀልኩት። አንድ ታሪክ እስኪያልቅ ብለኸኝ ነበር፤ ልቤ በአፌ ልትወጣ ስትል እንዴት ልጨርስ? ጥያቄዎችህን ግን መልሻለሁ፤ ታዛዥ ነኝ። ማን ተናገረ? መልአኩ። ለማን? ለእኔ። ቀጥሎ ምን ሆነ? ድምፄ ጠፋ።

የዚያን ገጽ ነገር ካልነገርሽኝ ብለሃል፤ ይኸውልህ። ኢሳይያስ ውስጥ ነው። አንድ ንጉሥ ታሞ ተኝቷል፤ ነቢዩ ሄዶ አትድንም፣ ትሞታለህና ቤትህን አሰናዳ ይለዋል። ጣቴ ያረፈችው እዚያ ላይ ነው። ይኼን አንብቦ ማን ነው ሄዶ ቢላ ሥር የሚተኛ?

ትናንት ምሳ ሰዓት የጠጣሁት ውሃ በማይሆን መንገድ ገባብኝ። ትኬት ቆራጯ ጀርባዬን እስክትደቃኝ ድረስ አየር አጣሁ። ጃንጥላዎቹ ዓይኔ ፊት ተገለባበጡ። ከላይ የራሴ ድምፅ «መንገዳችሁ የተቃና ይሁን» ይላል። ነፍሴ ስትመለስ መጀመሪያ ምን እንዳሰብኩ ታውቃለህ? ቤቴን አላሰናዳሁም ብዬ ነው ያሰብኩት። ቤት ገብቼ ልብሴን ሁሉ አጣጠፍኩ። መለዋወጫ ቁልፌን ለትኬት ቆራጯ ሰጠኋት። «የት ልትሄጂ ነው?» ስትለኝ መዳፏን በቁልፉ ላይ አጠፍኩላት።

ብቆረጥም ፈርቻለሁ፣ ባልቆረጥም ፈርቻለሁ። መፍራቱ ራሱ አደከመኝ።

ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ፤ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ቦታ አለ አለ። ያዝልኝም አላልኩት፣ ተወውም አላልኩት።

እህትህ


ኅዳር 20

ጡሩምባዬ፣

ሳቅኩ። ይቅር በይኝ፣ ደብዳቤሽን ይዤ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅኩ። ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ዞረብኝና ጨለማው ሳያየኝ ፊቴን በእጅጌዬ ጠረግኩ።

ሆን ብዬ አይደለም። ሉቃስን ከልጅነቴ ወዲህ አንብቤው አላውቅም። ከብቶቹንና ግርግሙን አስታውሳለሁ፤ ካህኑን ጭራሽ ረስቼዋለሁ። በዚያው ጠዋት እኔም ባልዲዬ ላይ ተቀምጬ «ዲዳ ሆነ» የሚለው ላይ ስደርስ «በስመአብ፣ ገደልኳት!» ብዬ ብድግ አልኩ፤ ባልዲውም ተንከባሎ ደረጃውን ወረደ።

አንቺ ግን ዘጋሽው፣ እኔ ቀጠልኩ። ልዩነታችን ይኼው ነው። መልሶችሽን አርሜያቸዋለሁ። ማን ተናገረ? መልአኩ፤ ልክ ነሽ። ለማን? ለአንድ ሽማግሌ ካህን። አንቺ ሽማግሌም ካህንም አይደለሽም፤ ለሰው የተነገረን ነገር ጠልፈሽ ወስደሻል። ቀጥሎ ምን ሆነ? ገና አላነበብሽም። ድስቶቹን ገለል አድርገሽ መጽሐፉን አውርጂና ምዕራፉን ጨርሺው። አልነግርሽም። ይኼን ብቻ ልበል፤ መጨረሻው ላይ ካህኑ የሚጽፍበት ነገር ይለምናል። እንዳንቺ።

ንጉሡንም እንደዚያው አድርጊው። ከነቢዩ ቃል ቀጥሎ ያለውን አንብበሽዋል? ጣትሽ ያረፈችበትን ብቻ አንብበሽ ዘጋሽው አይደል? ቀጥሎ ንጉሡ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ። ቀጥሎ ነቢዩ ተመልሶ መጣ። ቀጥሎ ዕድሜ ተጨመረለት።

መጽሐፉ ለምን እዚያ እንደሚከፈት ደግሞ እኔ አውቃለሁ። አንቺ ሳትወለጂ አባዬ በጠና ታሞ ነበር። እማዬ ጠዋት ጠዋት አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ያንኑ ገጽ ታነብለት ነበር፤ እኔ በሩ ሥር ቁጭ ብዬ እሰማ ነበር። መጽሐፍ በጀርባው አቁመው ሲለቁት ብዙ ጊዜ በተከፈተበት ይከፈታል፤ የሱሪ እጥፋት በለመደበት እንደሚታጠፍ ነው። የገጹን የታች ጥግ እዪው፤ የአውራ ጣቷ እድፍ ካልጠፋ እዚያ አለ። አባዬ ዳነ። አንቺ የመጣሽው ከዚያ በኋላ ነው።

ግን አደራ፣ ይኼንንም ምልክት አታድርጊው። «አየሽ፣ ልትድኚ ነው» ልልሽ አምሮኝ ነበር። ያልነገርኩሽ ነገር ባይኖር ኖሮ እልሽ ነበር።

እማዬን ሆስፒታል የወሰድኳት ጠዋት መጽሐፍ ቅዱስ ከፍታ ነበር። ዓይኗ ደክሞ ስለነበር በትልልቅ ፊደል የታተመውን ነው የያዘችው፤ አሁን እኔ ጋ ያለውን። ጣቷ ያረፈችው የደስታ ቃል ላይ ነበር፤ ዘመንሽ ይረዝማል የሚል ዓይነት። «አየህ?» አለችኝ። በመንገዱ ሁሉ ስታሾፍብኝ ነበር፤ ፊትህ የተኮማተረው ለምንድን ነው፣ የምቆረጠው እኔ ነኝ አንተ እያለች። ሲያስገቧት እጇን አወዛወዘችልኝ። የቀረውን ታውቂዋለሽ። ላንቺ ያልነገርኩሽ እምነትሽ እንዳይናድ ብዬ ነበር፤ የእኔው ግን ያን ቀን ተንዶ ስለነበር ነው። ያንቺ ደብዳቤ እስኪመጣ ድረስ መጽሐፉን ገልጬው አላውቅም።

ጣት አያውቅም፣ ጡሩምባዬ። መልካሙንም አያውቅ፣ ክፉውንም አያውቅ። ሐኪሙ ግን እብጠቷን በዓይኑ አይቷታል።

እኔም ፈርቻለሁ። ሂጂ ስልሽ ምን እያልኩ እንደሆነ አውቃለሁ። እንደ እማዬ ብትቀሪብኝ ይኼን ደብዳቤ መጻፌን ዕድሜ ልኬን ነው የምረግመው። ይኸው፣ እየጻፍኩት ነው።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 2

ወንድም ጋሼ፣

መልሴ ዘገየብህ። «ምንም አልሰጠችኝም በለው» ብዬ ሹፌሩን ባዶ እጁን የሰደድኩት እኔ ነኝ። ስለ እማዬ የጻፍከው አጥንቴ ድረስ ገባ። ተናደድኩብህ፤ ያን ሁሉ ዓመት ብቻህን ይዘኸው መኖርህ ነው ያናደደኝ። በእሷም ተናደድኩ። በመጽሐፉም ተናደድኩ። ወንበሩ ላይ ልብስ ጣልኩበት፣ አውቄ።

ከዚያ አንድ ጠዋት እግሬ ራሱ ወሰደኝ። እንቅልፌ ሳይለቀኝ ልብሱን አንስቼ ተቀምጬ አገኘሁት ራሴን። ልማድ እንዲህ ቶሎ የሚይዝ መሆኑን አልነገርከኝም። መጽሐፉን ከድስቶቹ ኋላ አወረድኩና ምዕራፉን ጨረስኩት። ለካ ምላሱ ተፈታ! ያ ሁሉ ወር ዝም ብሎ ቤቱ ውስጥ ምን ሲያደርግ እንደከረመ አይጽፍም። እኔ ግን አውቃለሁ፤ የሰው ፊት ማየት ፈርቶ ዕቃ ሲያስተካክል ነው የከረመው።

የገጹን ጥግ አየሁት። ጠቁሯል፣ ወረቀቱም ሳስቷል። አውራ ጣቴን አኖርኩበት፤ የእሷ ከእኔ ሰፋ ያለ ነበር። ብዙ ቆየሁ እንደዚያ።

አሁን ሂጂ ላልከኝ ልመልስ። አዎ፣ ሄጃለሁ። እንዴት እንደሆነ ልንገርህ፤ ትስቅብኛለህ።

ሐኪሙ ዛሬ ቁርጡን ካልነገርሽኝ ቦታውን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ አለ። ያን ጠዋት ጣቴ በላኝ፣ ወንድም ጋሼ። አንዴ ብቻ ልክፈት፣ የመጨረሻ ነው እያልኩ መጽሐፉን በጀርባው አቁሜው ነበር። እጄን ጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩበት፤ ከምሬ ነው፣ ተቀመጥኩበት። ከዚያ ወደ ዕለቱ ንባብ ገለጥኩ። ምን የደረሰኝ ይመስልሃል? የስም ዝርዝር! እገሌ የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ልጅ፤ እስከ አዳም ድረስ! ስለ ነፍሴ ልወስን የተቀመጥኩበት ጠዋት! ጥያቄዎቹን ጠየቅኩ። ማን ይናገራል? ሉቃስ። ለማን? ለሚያነብ ሁሉ። ቀጥሎ ምን ሆነ? ምን ይሆናል፣ ሰው ተወለደ።

አንዲት ቃል ለእኔ የለችበትም። ሂጂ አይል፣ ቅሪ አይል። ትሞቻለሽ አይል፣ ትድኛለሽ አይል። ድምፅ በሌለው አፌ ሳቅኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ። ያን ሁሉ ቀን መጽሐፉ ስለ እኔ ብቻ የሚያወራ መስሎኝ አልጋ ላይ ስገላበጥ ነበር። ዝም ሲል ደግሞ የቀረኝ ሐኪሙ ያለኝ ብቻ ሆነ፤ መተንፈሻሽን ትዘጋዋለች ያለኝ። ቦርሳዬን አንስቼ ሄድኩ። ጀግኜ እንዳይመስልህ፤ ሁለት ጊዜ ከመንገድ ልመለስ ብዬ ዞሬ ነው የሄድኩት። ስፈርም ብዕሩ ከእጄ ወደቀ፤ ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አነሳልኝ።

ታኅሣሥ አሥራ አራት ነው። ልምጣ ትል ይሆናል። ማሽኑን ለጨለማው ትተህማ እንዳትመጣ! እኔ ተቀድጄ ተኝቼ ከተማውን ያጠፋብኛል። ተተኪህ ሲመጣ ትመጣለህ። ምናልባት ካልሆነ፣ ማለቴ ነገሩ እንዳሰብነው ካልሆነ፣ ቁልፉ ትኬት ቆራጯ ጋ ነው፤ ልብሶቼ ታጥፈዋል፤ መጽሐፉን አንተ ውሰደው፤ ወንበሩን ግን ለማንም አትስጥ።

እህትህ


ታኅሣሥ 11

ጡሩምባዬ፣

ይኼን ሆስፒታል ሳትገቢ እንዲሰጥሽ ሹፌሩን በእናቱ አስምዬዋለሁ።

ስለ ቁልፉና ስለ ወንበሩ ያልሽውን አንብቤዋለሁ። እንዳልሽው አደርጋለሁ። ሁለተኛ ግን አታንሺብኝ።

ትድኛለሽ ብዬ ልጽፍልሽ ብዕሬን አንስቼ ነበር፤ አላውቅማ። ባውቅ ኖሮ በግድግዳው ሁሉ ላይ እጽፈው ነበር። የማውቀውን ልንገርሽ። በዚያች ሰዓት እኔ ታች እሆናለሁ። ከመጀመሪያዋ መለኪያ ጀምሬ በተራ እሄዳለሁ። ሮጬ ወደ ቀይዋ አልሄድም፤ እግሬ ሊሮጥ ቢፈልግም አልሄድም። ጨለማውን መሰላል ላይ አውጥቼ አምፖል ሲያጸዳ እንዲውል አዝዤዋለሁ፤ ምንም እንዳይነካ።

በስም ዝርዝሩ ሳቅኩ። እኔም እዚያ የደረስኩ ጠዋት «ለእህቴ ይኼን ሰጠኋት? ምን ዓይነት ዕድለ ቢስ ነኝ!» ብዬ ነበር። ጥያቄዎቹን ከየት አመጣሃቸው ካልሽኝ፣ ከየትም። ፈረቃ ስንረከብ የምንጠያየቀው ነው፤ ማን ነበር፣ ምን አለ፣ ቀጥሎ ምን ሆነ። ለመጽሐፍም ይሠራል ብዬ ገመትኩ።

ስትወጪ በማንም በኩል ይሁን ቶሎ አሰሚኝ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 19

ወንድም ጋሼ፣

አለሁ።

ትራስ ላይ ተደግፌ በእርሳስ ስለምጽፍ ፊደሌ ቢንጋደድ አትፍረድብኝ። ትኬት ቆራጯ «በሰላም ወጣች» ብላ ስትደውልልህ አጠገቧ ነበርኩ። ስታለቅስ ሰማሁህ፤ ስልኩን እሷ ነበረች የያዘችው፣ ድምፅህ ግን ከሩቅ ይሰማኝ ነበር። የቀረውን እንዳትነግርህ የጠቀስኳት እኔ ነኝ። አሁን ራሴ ልንገርህ።

ስነቃ ሐኪሙ አጎንብሶ «ስምሽን በይልኝ» አለኝ። አፌን ከፈትኩ። አየር ወጣ። ደግመሽ ሞክሪ አለኝ፤ አየር። እብጠቷ በሙሉ ወጥታለች፣ መተንፈሻዬ ነፃ ነው፣ ውሃም በመንገዱ ይወርዳል። ነርቯ አልተቆረጠችም፤ ተቆጥታለች አለ። ተቆጥታለች! እንዳንተ። በሳምንትም በወርም ልትመለስ ትችላለች፣ ላትመለስም ትችላለች። በየቀኑ ትንሽ ሞክሪ ብሎኛል። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ አልሞከርኩም። ፈርቼ። ካልሞከርኩት ሊኖር ይችላል፤ ከሞከርኩት ግን ቁርጤን አውቃለሁ። ለካ ለቅሶም ድምፅ ከሌለው ሰው አይሰማውም።

በመጀመሪያው ጠዋት መጽሐፉን እንድታቀብለኝ ነርሷን ጠቀስኳት። እሷ ምን ታውቃለች፣ ደረቴ ላይ በጀርባው አቁማ ለቀቀችው። እዚያው ገጽ! ልቤ ዘለለች፤ አልዋሽህም፣ የሚለካው ማሽን እንኳ ጮኸ። ነርሷ ደንግጣ «ምነው?» አለችኝ። ከዚያ የጠቆረውን ጥግ አየሁት። እማዬን ደህና አደርሽ አልኳትና ወደ ሉቃስ ገለጥኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ጠዋት አላለፈኝም። ወንበሬ እንደናፈቀኝ ግን ብታይ!

አሁን የምልህን ስማኝ። ይኼ ደብዳቤ በደረሰህ ማግስት ጠዋት፣ በንባባችን ሰዓት፣ ስልክህ ይጠራል። እኔ ነኝ። አዎ፣ እኔ! የመጀመሪያውን ቁጥር የማነበው እኔ እሆናለሁ። ያን ጊዜ እሞክራታለሁ፤ ብቻዬን ልሞክራት አቅሙ የለኝም። ከወጣች ወጣች። ካልወጣች አየር ብቻ ትሰማለህ። አደራህን፣ «ሃሎ፣ ሃሎ፣ ማን ልበል» ብለህ እንዳትዘጋው። አንተ ካቆምኩበት አንብብልኝ፤ ቀስ ብለህ፣ እኔ በጣቴ እከተልሃለሁ።

የዚያ ቀን ንባብ ምን እንደሚል አላውቅም። ቀድሜ ገልጬ አላየሁም።

እህትህ